ገመዱ ከመፈታቱ በፊት

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ሸራ ጀልባ ሞተር ሳነብ ያየኝ የዶርም ጓደኛዬ «ሸራ ካለው ሞተር ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሳቀብኝ። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። የሸራ ጀልባ ነፋስ ሲጠፋ፣ እንዲሁም ከጠባብ ወደብ ሲወጣና ሲገባ አነስተኛ ሞተር ይጠቀማል። ሞተር ቢቆም ክፉ የሚሆነውም እዚሁ ጠባቡ ቦታ ላይ ነው፤ ግራና ቀኙ ድንጋይና የቆመ ጀልባ ስለሆነ ለማሰብ እንኳ ጊዜ የለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው በሞተር ሲወጣም የሸራውን ሽፋን ገልጦ፣ መልሕቁን ለመጣል አመቻችቶ ነው የሚነሳው። ሞተሩ ሊቆም ይችላል ብሎ አስቦ ነው የሚወጣው ማለት ነው።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። አጎቴ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳሉ። ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ የእኛው ሐይቅ ነው። በደንገል ታንኳ የሚሄድ ሰው መቅዘፊያው በእጁ ነው። የሸራ ጀልባ ሸራ አለው። ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ሰው የሚያመላልሰው ጀልባ ግን ሞተሩ ከቆመ ሌላ ጉልበት የለውም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጠዋት ጸጥ ብሎ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። መኪና ቢበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል። እዚያ ዳር የለም።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ከዘጌ ስንመለስ የተሳፈርንበት ጀልባ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ጀልባው የአጎቴ አልነበረም፤ እሳቸውም እንደ እኔ ተሳፋሪ ነበሩ። ነጂው የማስነሻውን ገመድ ሳበ፣ ሳበ፣ ደከመው። ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ልጃቸውን በነጠላ ከወገባቸው ጋር አሰሩት። ዝም ብዬ ዋና የሚችለው ስንቱ ይሆን እያልኩ ሰው እቆጥር ነበር። አጎቴ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሄዱና የቤንዚን ታንኩን ክዳን ዳሰሱ። የአየር ማስገቢያው ብሎን ተዘግቷል። ሲፈቱት ታንኩ «እስስ» ብሎ አየር ሳበ፤ ሞተሩም ተነሳ። ከታንክ ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ ይህን ፊዚክስ ሁላችንም ተምረነዋል። ወደቡ ላይ ቢታይ ኖሮ የአንድ ጣት ሥራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ከመነሳታቸው በፊት የሚያደርጉትን እየተከተልኩ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቤንዚኑን ያያሉ፤ ከሥር ውሃ አጠራቅሞ ከሆነ ያወጡታል። መጠኑን ሲሰፍሩ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ የቀረው ለክፉ ቀን ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከኋላው የሚፈሰውን ቀጭን ውሃ ያያሉ። ውሃው ካልወጣ ወዲያው ያጠፉታል፤ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ክንፉ ጎማ ስለሆነ በደረቁ ሲዞር ቶሎ ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ፒስቶኑ ይጣበቃል። ፌስታልና አረም መግቢያውን ይደፍኑታል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ ሥጋቱን አብሶታል። ማርሽ ከመግባቱ በፊት ገመድ ሁሉ ጀልባው ውስጥ መግባቱን ያረጋግጣሉ፤ ገመድ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ እዚያው ይታነቃል።

እኔ ከትምህርቴ የጨመርኩላቸው አንድ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ሳጥኑ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 33 ቢደርስ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተርም ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። ስለዚህ ጭነቱ መቀነስ፣ ትርፍ ካንዴላና መፍቻም አብሮ መሄድ አለበት። አጎቴ ሰምተው «እኔ እኮ ሞተሩ ያረጀ ነበር የመሰለኝ» አሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሞተር ሊቆም ይችላል። ጣና ግን ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ረጅም ገመድ ያለው መልሕቅ ቢኖር ጀልባው እርዳታ እስኪመጣ ባለበት ይቆያል። የእኛ ሸራ መልሕቁ ነው ማለት ይቻላል። መቅዘፊያና ለሁሉም የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ሲጨመርበት ሰው ቤቱ ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ለምትፈልጉ የዲፓርትመንታችን ልጆች አንድ ሐሳብ ልስጣችሁ። እያንዳንዱ ጀልባ ላይ የሚለጠፍ፣ በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ የፍተሻ ካርድ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ሞተር ወለሉ ላይ በብሎን ታስሯል፤ ቢቆም ማስታወሻ ይዘን ለምሳ እንወጣለን። እዚያኛው ላይ ግን ሰው ተሳፍሯል።