ቲቸር፣ እኛን እንዴት ነበር የሚያስተምሩን?

ባለፈው 16 እሑድ ላይ ስለዋለ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አስቀድሼ፣ ወደ ፈረንሳይ ቁልቁል ስወርድ ከኋላዬ "ቲቸር!" የሚል ሰማሁ። ዞር ስል ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማርኩት ልጅ ነው። (ስሙን አልጠራም። ኋላ ወንበር ላይ እየተኛ አንደኛ የሚወጣው፣ የክፍሉ ልጆች ታውቁታላችሁ።)

ዶክተር ሆኗል። ሕክምና ትምህርት ቤትም ያስተምራል። እኔ በደስታ ልበር ደረስኩ፣ እሱ ግን ፊቱ ጠቁሯል። ትንሽ እንደሄድን "ቲቸር፣ እኛን እንዴት ነበር የሚያስተምሩን?" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

ሲመረቅ ውጤቱ ጥሩ ስለነበር መምህር ሆኖ ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ክፍል ግባ ተባለ። እንዴት እንደሚያስተምር ያሳየው ሰው የለም። እኔ ለዲፕሎማዬ እንኳ ሌሰን ፕላን ጽፌ፣ ፕራክቲከም ወጥቼ፣ ገምጋሚ ከኋላ ተቀምጦብኝ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ባለዲግሪውም ሃይስኩል ለማስተማር ፒጂዲቲ ተማር ይባላል። ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ኤች ዲ ፒ የሚባል ስልጠና አለ፤ ግን ሥራ ላይ ሆነው የሚወስዱት ነው። ዲዩቲ ያደረ ሐኪም መቼ ይቀመጥ?

ቀጣሪያቸውም አንድ አይደለም። የጥቁር አንበሳው መምህር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የጳውሎሱ በጤና ሚኒስቴር ሥር ነው፣ የየካቲት 12ቱ የከተማ አስተዳደሩ። የትም ይሁኑ ግን ያው አንድ ሰው ያክማልም ያስተምራልም። "ክፍል ስገባ ከዋርድ ይደወላል፣ ዋርድ ስሆን ተማሪ ይጠብቀኛል። በደንብ ላስተምር አላስተምር የሚጠይቀኝ የለም። ልተወው ነው ቲቸር" አለኝ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልን። ባለዲፕሎማው ዶክተሩን ሳስተምር አስቡት! ከመናገርህ በፊት ጠይቃቸው አልኩት። ሁሉን በአንድ ቀን አትጫንባቸው፤ አንድ በሽተኛ ይዘህ ግባና ከእሱ ጀምር። ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። በመሃል ቀና ብሎ "የበሬ ልብ ይዘው የመጡ ቀን ትዝ ይልዎታል?" አለኝ። እኔ ረስቼው ነበር። ከሥጋ ቤት በራሴ ብር ገዝቼ፣ በምላጭ ከፍተን ቫልቩን በጣታችን የነካንበት ቀን። "ሐኪም ልሁን ያልኩት ያን ቀን ነው" አለ።

ሰኞ ክፍል ስለነበረው ቸኩሎ ሄደ። ማታ ደወለ።

"ቲቸር፣ ስላይዱን ከ90 ወደ 30 አወረድኩት። ይበዛል?"

"ይበዛል" አልኩት።