ያልተቈጠረው ገንዘብ

ታላቅ ወንድሜ በአቃቂ ቃሊቲ አንዲት የፕሌይስቴሽን ቤት አለችው። ባለፈው ክረምት አባታችን የማታውን ሒሳብ እንድቈጥር አዘዘኝ። እኔም በቆርቆሮው ሣጥን ያለውን ቈጥሬ «የዛሬው ገቢ ይህ ብቻ ነው» አልሁት። አባቴም ወንድሜን ገንዘብ አጥፍተሃል ብሎ ክፉኛ ገሠጸው። ወንድሜ ምንም ሳይመልስ ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ለካስ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ የሚከፍሉት በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው በቴሌብር ኖሯል!

ኋላ ቍጣው ሲበርድለት፣ ይህን የመሰለ ነገር በጃፓን አገርም እንዳለ አጫወተኝ። ፋሚጹ የተባለው መጽሔት በየሳምንቱ የሚያወጣው የጨዋታ ሽያጭ ሠንጠረዥ በተለይ የሚቈጥረው በሱቅ የተሸጠውን ነው፤ ሰው በቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ገዝቶ የሚያወርደው አይገባበትም። በ2020 እ.ኤ.አ. አኒማል ክሮሲንግ የተባለው ጨዋታ በጃፓን ሱቆች በ3 ቀን ከ1.8 ሚሊዮን በላይ መሸጡ ተነገረ፤ በኢንተርኔት የተገዛው ግን ከዚህ ውጭ ነበር። ሠሪው ኒንቴንዶ ለባለአክሲዮኖቹ ሲያስታውቅ ሁለቱንም ይደምራል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የቈጠሩት ነገር ተለያየ እንጂ።

እኔም ቍጥር አልሳትሁም። ስሕተቴ «በሣጥኑ ያለው» ማለት ሲገባኝ «ገቢው» ማለቴ ነበር። በዚያች አንዲት ቃል ወንድሜ ሌባ ሊባል ደረሰ። «ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አልሁት፤ ይቅርም አለኝ።