ዕድሬን ያላመነው ድንበር

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የደረሰውን ማስታወቂያ ላከልኝ። «አጎቴ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ይላል። ሥራው ታይላንድ ነው። ኮምፒውተር መነካካት የሚችልና ትንሽ እንግሊዝኛ ያለው ይበቃል። ደመወዝ በዶላር፣ ቲኬት በነሱ፣ ማደሪያ በነሱ፣ ምግብ በነሱ። «የሥራ ልምድ አያስፈልግም» የምትለዋን ደግሞ በትልቁ ጽፈዋታል። ዲግሪውን ይዞ እናቱ ቤት ለተቀመጠ ልጅ ይቺ መስመር ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። እዚህ እኮ ለተላላኪነትም ልምድ ይጠየቃል።

እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የሚያደርሰው ሚያዋዲ ነው፣ የሚያንማር የድንበር ከተማ። ባንኮክ ላይ በፈገግታ ይቀበሉሃል፣ መኪና ውስጥ ያስገቡሃል፣ መንገዱ አያልቅም። ድንበሩ ላይ ሜሶት ስትደርስ ይመሻል። ከዚያ የሞኢን ወንዝ በጀልባ ትሻገርና ሚያንማር ነህ። ፓስፖርትህ ተወስዷል፣ አጥሩ ዙሪያ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ሥራህ ቆንጆ የእስያ ሴት መስሎ አሜሪካ ውስጥ ካለ ብቸኛ ሽማግሌ ጋር ፍቅር መጫወት ነው፤ ፍቅሩ ሲበስል ወደ ክሪፕቶ ትመራዋለህ፣ የጡረታ ገንዘቡን ያራግፋል። የተሰጠህን ኮታ ካልሞላህ በኤሌክትሪክ ትቀጣለህ። ልውጣ ካልክ ደግሞ ዋጋ አለህ፣ እናትህ ትክፈል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ሚያንማር ውስጥ ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰው ተገዶ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሳይሆን እንደማይቀር ገምቶ ነበር። ካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100,000።

በ2017 ጥር መጨረሻ ላይ ታይላንድ ወደ ሚያንማር ማዶ የምትሰጠውን መብራትና ኢንተርኔት ቆርጣ ነበር። ከሳምንት በኋላ አንድ ታጣቂ ቡድን 260 ሰው ወንዙን አሻግሮ ለታይላንድ ጦር አስረከበ። ዜናውን ደግሜ ነው ያነበብኩት፤ ከሃያ አገር ገደማ ከተለቀመው ሰው መሀል ከግማሽ በላዩ የእኛ ልጆች ነበሩ። ቻይና ለራሷ ሰዎች አውሮፕላን ተከራይታ አከታትላ ወሰደቻቸው። ከእኛ አህጉር የሄዱት ብዙዎቹ ግን ቲኬቱን የሚከፍል ጠፍቶ እዚያው ድንበር ላይ ሳምንታት ተቀመጡ።

እንዴት ያን ያህል ሰው ከእኛ ሄደ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ ታይላንድ ለእኛ ፓስፖርት እዚያው ስንደርስ ቪዛ ትሰጥ ነበር፣ አውሮፕላኑም ከቦሌ ቀጥታ ነው። በሕጋዊ መንገድ፣ በመስኮት በኩል ደመና ፎቶ እያነሳህ ነው ወደ ባርነት የምትበረው።

ቪዛ ካልኩ ዘንዳ… በቃ ልናገረው፣ ሆዴ ውስጥ ሻገተ። የድሮ ተከታዮቼ ያን ስብሰባ ታስታውሳላችሁ፤ ወደ አውሮፓ የተጋበዝኩበትን፣ ጽሑፍ ላቀርብ የተዘጋጀሁበትን፣ ሱፍ ያሰፋሁበትን። ኤምባሲውን አልጠራም። የባንክ መግለጫ አሉኝ፣ ሰጠሁ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ሰጠሁ። የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የአባቴ ስም በሁለት ዓይነት ስፔሊንግ ስለተጻፈ የማረጋገጫ ደብዳቤ። በመጨረሻ ምን ይቀረኛል ብዬ የዕድር አባልነቴን አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ አያያዝኩ። ሳቁ! እኔ የምሬን ነበር። የቀብሩን ድንኳን እዚህ በየወሩ እየከፈለ ያለ ሰው እንዴት አይመለስም? መልሱ አንዲት ገጽ ነበረች፤ ወደ አገርዎ ለመመለስዎ በቂ ማረጋገጫ አላገኘንም። ገንዘቡ አይመለስም። ሱፉ እስካሁን አለ፣ እኔ ነኝ ያልገባሁበት።

እና በዚያው ሰሞን ኪዳኔ ዘካሪያስ ዓለምን ይዞራል። ሊቢያ፣ ቤኒ ዋሊድ ውስጥ ስደተኛ በመጋዘን አጉሮ፣ ቤተሰብ ስልክ ላይ እየሰማ የሚያስገርፍ ተብሎ ይፈለግ የነበረው ኤርትራዊ። የካቲት 2012 እዚሁ አዲስ አበባ ተያዘ፤ ያወቀውም በእጁ ያለፈ ልጅ ነው፣ መንገድ ላይ አይቶት። ዓመት ቆይቶ ለችሎት በቀረበበት ቀን አመለጠ። መጸዳጃ ቤት ገብቶ፣ ልብስ ቀይሮ ወጣ ተባለ። እድሜ ልክ የተፈረደበት በሌለበት ነው። ሱዳን ውስጥ እስኪያዝ ድረስ፣ ታኅሣሥ 23፣ 2015 መሆኑ ነው፣ ወደ ሁለት ዓመት ሙሉ የትም ሄደ የትም ገባ። የባንክ መግለጫ የጠየቀው አለ? እኔ ካርታ ይዤ አልታመንኩም፣ እሱ በሌላ ሰው ልብስ ታመነ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። ድንበር የሚሻገር የተደራጀ ወንጀልን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለፊርማ የተከፈተው ታኅሣሥ 1993 ፓሌርሞ ላይ ነው። የቀለደው ታሪክ ይሁን እግዜር እንጃ፣ አንድ ምስኪን ኤርትራዊ በ2008 ካርቱም ላይ ተይዞ፣ «ትልቁ አሻጋሪ ይሄ ነው» ተብሎ ለጣሊያን ተላልፎ፣ ሦስት ዓመት የታሰረውም እዚያው ፓሌርሞ ነው። የሚፈለገው ሰውዬ እሱ አልነበረም። ከዋናው አሻጋሪ ጋር የሚያገናኛቸው ስማቸው መድኃኔ መሆኑ ብቻ ይመስለኛል። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2011 ለቀቀው። ዋናውስ?

ግን የሚያናድደኝ ይሄ አይደለም። እኛ ስለዚህ ወንጀል ስናወራ ዓይናችን ሩቅ ነው፤ ሊቢያ፣ በረሃ፣ የቻይና ማፊያ። የልጁን ስልክ ለደላላ የሰጠው ግን የክፍል ጓደኛው ነው። ማስታወቂያውን አራት ግሩፕ ላይ የለጠፈችው የጎረቤት ልጅ ናት፣ በሰው ኮሚሽን አላት። ማስለቀቂያ ሲባል ደግሞ እናት ወርቋን ሸጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍና መስጊድ በር ላይ ተለምኖላት፣ ገንዘቡን ስንት ጊዜ ነው እዚሁ ከተማ ውስጥ በተከፈተ የባንክ ሂሳብ የምታስገባው? ያ ሂሳብ ስም አለው። መታወቂያ ቀርቦበት፣ ፎቶ ተነስቶበት የተከፈተ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐዋላው ይረከበዋል፣ ዱካውን ማግኘት ከባድ ነው፣ እሺ። የመጀመሪያዋ ደረሰኝ ግን በእናትየው ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፋ አለች። ሂሳቡን «ለአንድ ጓደኛዬ ነው ያዋስኩት» የሚለው ሰውዬ እኮ ለቅሶ ቤት አብሮን ይቀመጣል፣ ንፍሮ ያቀብለናል!

እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው። ማታ እንዴት እንደሚተኛ።

በቃ ደከመኝ። ኮመንት ላይ ጉዳዩን ወደ ብሔር የምትወስዱ ሰዎች ዛሬ አልመልስላችሁም፣ ብሎክ ነው።