የግንቦት ሹራብ

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ በቀትር፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሹራብ የደረበ ሰው ካያችሁ ተማሪ መሆኑን ለማወቅ ፊቱን ማየት አያስፈልግም። ትልልቁ ሰው ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ጥላ ጥላውን ይሄዳል። ቆሎ ሻጯ ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎትታለች። የአሥረኛ ክፍሏ ልጅ ግን ወፍራሙን የዩኒፎርም ሹራብ ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ስባ፣ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ ታክሲ ትጠብቃለች። «አይሞቅሽም ወይ የኔ ልጅ?» ብሎ የሚጠይቃት አይጠፋም። «አይ፣ ተመችቶኛል» ትላለች፤ ላቧ በጆሮ ግንዷ እየወረደ።

እኔ መልሷን አምናለሁ። ሸሚዙ የተለካው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ከነሐሴ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አንድ የበጀት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ሌላ አካል የሚበቅልበት ጊዜ ነው። ቁልፉ ደረት ላይ ይወጠራል፣ ብብት ይይዛል፣ እጅጌው ከአንጓ በላይ ይቀራል። ወላጅ ደግሞ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ሸሚዝ አይገዛም፤ «ሰኔን ድረሽበት» ይላል። ሰኔን የሚያደርሳት እንግዲህ ሹራቡ ነው። ሙቀቱን ችላ ከዓይን ትድናለች። በዚያ ዕድሜ የሰው ዓይን ከፀሐይ ይልቅ እንደሚያቃጥል የረሳን እኛ ነን።

ሹራቡን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ብዙ ይነግረዋል። የእጅጌው ጫፍ ላይ፣ ስፌቱ አጠገብ፣ አውራ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። በእስክሪብቶ ጫፍ ተጀምራ፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ቀስ በቀስ የሰፋች ናት። የኢርፎን ገመድ በዚያው እጅጌ ውስጥ ሾልኮ መዳፍ ላይ ይወጣል፤ ልጅቷ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ጥቁር ሰሌዳውን ስታይ፣ መምህሩ በትኩረት የምትከታተል ተማሪ ያያል፤ እሷ ዘፈን ትሰማለች። አንገቱ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ስሟና ክፍሏ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። 9ኛ የሚለው ተሰርዞ 10ኛ ተብሏል። ሹራብ እንዲህ አብሮ ክፍል ያልፋል።

ወንዶቹ ዘንድ ነገሩ ሱሪ ላይ ነው። እኛ ሰፈር በራፉ ላይ ሲንገሩን አውጥቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አለ፤ የወጣቱን ፋሽን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚመጣለት ትእዛዝ ሁሉ «አጥብበው» ነበር። እግር እንዴት እንደሚያልፍበት እስኪያስገርም ድረስ ያጠበዋል፤ ልጁ ሱሪውን ለብሶ ወደ ቤቱ ሲገባ እናቱ ትጮኻለች። አሁን ዘመኑ ተገልብጦ ሁሉም «አስፋው» ነው የሚለው። ይህኛው ግን ለሰፊው ከበድ ይላል። ለማጥበብ መቀስ ይበቃል፤ ለማስፋት ጨርቅ ይፈልጋል፤ የዩኒፎርም ስፌት ደግሞ የሚለቀቅ ትርፍ ብዙም የለውም። ስለዚህ ልጆቹ የታላቅ ወንድማቸውን ያለቀ ዩኒፎርም ይዘው ይመጣሉ። ሰፊው ከዚያ ላይ ቁራጭ ቆርጦ በጎንና በጎን ያስገባል። የወንድም ሱሪ ትንሽ ደብዘዝ ስላለ ከላይ እስከ ታች አንድ ፈዛዛ መስመር ይወርዳል፤ ልጆቹ መስመሩንም ወደውታል። ሌሎች መስመሩን አይተው ያለ ምክንያት ማሠራት ጀምረዋል።

ከዚያ ጫማው። ዩኒፎርም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሲያዝ ጫማውን ብዙ ቦታ ለባለቤቱ ትቶለታል። እሑድ ማታ ነጭ ስኒከር ደጃፍ ላይ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በኮልጌት ሲታሽ ያላየ የለም። ሳልባጅ ተራ ተገዝቶ ይሁን ሱቅ ውስጥ ከካርቶን ወጥቶ፣ ያ ጫማ ሰኞ ጠዋት ጭቃ እንዳይነካው በጫፍ በጫፍ ይረገጣል። በዚህ ቅንነት ልቤ ይነካል። የቀረው ሁሉ የታዘዘ ነው፤ ቀለሙን የመረጠው ሌላ፣ ልኩን የለካው ሌላ። በቀረችው ጠባብ ቦታ ልጁ «ይኸው እኔ» ለማለት ይታገላል።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተማሪውን ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር ይጠብቃል። ሱሪ የጠበበበት፣ ፀጉሩ የረዘመበት፣ ሹራቡን ወገቡ ላይ ያሰረ፣ ጥፍሯን የተቀባች፣ ሁሉም አንድ ጥግ ተሰብስቦ ይቆማል። ሥርዓት ያስፈልጋል፣ አልክድም፤ ግን ፀጉር በመቀስ መሐሉን ቆርጦ ልጅን በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ ሥርዓት ሊባል አይገባውም። ያን ቀን ልጁ ምን እንደተማረ ብትጠይቁት የሚያስታውሰው መቀሱን ነው። የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል። ስለ ቀሚሷ ርዝመት የሚነገራት ነገር መቼም ስለ ቀሚሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ስለ አካሏ፣ ስለ ጠባይዋ፣ ስለ ቤተሰቧ ይጨመርበታል።

ይህ ነገር ከመምህርና ከዘበኛ የመጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ወጣቱ ራሱም ወጣቷን በልብሷ ከስሷት ያውቃል። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ የፋሽን ትርዒት ተሰናድቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1957፣ «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ አሁን በዚህ ትርዒት ላይ ተነሣ። ገበሬው እርቃኑን ባለበት አገር የውጭ ፋሽን ማሳየት የባህል ወረራ ነው አለ፤ ሚኒስከርት የኢምፔሪያሊዝም ጨርቅ ሆነች። ተማሪዎች ተሰብስበው ሊያዩ የመጡትን እንግዶች አዋከቡ፣ ፖሊስ ገባ፣ ሰዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ቀኑ ትልቅ ቦታ አለው፤ ከትግሉ ማዕዘን ድንጋዮች እንደ አንዱ የሚቆጥሩት አሉ።

እኔ ስለዚያ ቀን ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ልብስ ሊያሳዩ ተዘጋጅተው ወደነበሩት ሴቶች ነው። የትግሉን መሪዎች ስም በየመጽሐፉ እናገኛለን፤ የንግግራቸው ቃል ሳይቀር ተመዝግቧል። ሴቶቹ ያን ጠዋት ምን ለብሰው ከቤት እንደወጡ፣ ለቤተሰብ ምን እንደነገሩ፣ ማታ በምን በኩል ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ ማንም ቁጭ ብሎ ሲጠይቃቸው አላነበብኩም። ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የደረሰች ሴት ራሷ ብርቅ ነበረች። እዚያ ለመድረስ ከወንድ ጓደኞቿ ይልቅ ስንት ደጅ እንዳለፈች መገመት ከባድ አይደለም። ያንን ሁሉ አልፋ ስትመጣ፣ ስለ ነፃነት ዕለት ዕለት የሚናገረው ጓደኛዋ ጉልበቷን አይቶ ተቆጣ።

የዚያን ዘመን የሰላማዊ ሰልፍ ፎቶግራፎች ደግሞ ዓይን ፊት ናቸው። ከፊት የሚሄዱት ወንዶች ብዙዎቹ ኮት ለብሰዋል፤ ከረባት ያሰሩም አሉ። ኮቱ ላይ ጥያቄ የተነሣ አልመሰለኝም። ከረባት እንደ ሚኒስከርቷ ሁሉ ከውጭ የገባ ነው። የተጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ጥያቄያቸው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የገበሬው እርቃን እውነት ነበር፣ የመሬቱም ጥያቄ እውነት ነበር፣ ብዙዎቹም ለዚያ ጥያቄ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። የዚህን ያህል ንጹሕ ልብ የነበራቸው ልጆች በዚህች አንድ ነገር ላይ አባቶቻቸውን መምሰላቸው ነው የሚቆጨኝ። ንቅናቄው ኋላ ላይ ስለ ሴቶች ጥያቄ በሰፊው ጽፏል። ያን ሁሉ ከመጻፍ በፊት ያቺን ቀን ተመልሶ ቢያያት መልካም ነበር።

ነገሩም አላለፈም። ልብሱ ረዝሞም ልጅቷ ከመጠየቅ አትድንም። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሂጃብ በማድረጋቸው ከትምህርት ቤት በር ተመልሰዋል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ድረስ ሄዷል። ጊዜው የአገር አቀፍ ፈተና መመዝገቢያ ነበር። በ1960 ጨርቁ አነሰ ተባለ፣ በ2017 ጨርቁ በዛ ተባለ። በሁለቱም ጊዜ ልጅቷ ለመማር ነበር የመጣችው።

ይህን ሁሉ ብልም ዩኒፎርምን እንዳልጠላው የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ። መስከረም ለእናት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ እንቁጣጣሹ፣ መስቀሉ፣ ምዝገባው፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ በአንድ ወር ይረባረባሉ። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማቅረብ ሲጀምር የብዙ እናቶች ትከሻ ቀለል ብሏል። ዩኒፎርም ባይኖር ልጆቹ ጠዋት ጠዋት የሚለባበሱት የአባታቸውን ደመወዝ ነበር። አንድ ዓይነት ሹራብ ውስጥ የጉልት ነጋዴዋ ልጅና የባለ ፎቁ ልጅ ቢያንስ ጫማቸው እስኪታይ ድረስ እኩል ናቸው። ይህችን እኩልነት ማንም እንዲያፈርሳት አልፈልግም። ቀዳዳዋን ግን ተዉላቸው፤ በጎንና በጎን የወረደውን ፈዛዛ መስመርም።

ግንቦት ሲያልቅ አየሩ ይለወጣል። ከሰዓት በኋላ ደመና ይጠቁራል፤ ሹራቡ እንደገና ትክክለኛ ልብስ ይሆናል፤ ነጩ ስኒከር ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባና ባለቤቱ በነጠላ ጫማ ጭቃውን ይሻገራል። ትምህርቱ አልቆ ክለሳ ነው፤ መምህር የሚገባበትም የማይገባበትም ክፍለ ጊዜ አለ። ሁሉም ሰኔ 30ን ያስባል። ሰኔ 30 ካርድ የሚሰጥበት፣ ደረጃ የሚነገርበት ቀን ብቻ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቂም የሚቀጠረውም ለዚያ ቀን ነው፤ «ሰኔ 30 እንገናኝ!» የተባለ ልጅ ቀኑ ሲቃረብ እንቅልፍ ያጣል። የተመረጠበት ምክንያት አለው፦ ከዚያ ቀን በኋላ «ወላጅ አምጣ» የለም፣ ክፍል የለም፣ ክረምቱ ሁሉን ይውጠዋል። ዩኒፎርሙም ሥራውን ጨርሷልና ኪሱ ቢገነጠል፣ ክሳዱ ቢቀደድ የሚጠይቅ የለም። እኔ ከማውቃቸው ቀጠሮዎች ብዙዎቹ ሳይፈጸሙ ቀርተዋል። ሁለቱም ወገን ካርዱን አይቶ ሌላ ጭንቀት ይይዘዋል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ከዚህ ሁሉ ራቅ ብለው የራሳቸው ቀናት አሏቸው። ከለር ዴይ፣ ክሬዚ ዴይ፣ የባህል ልብስ ቀን። ዓመታት በአንድ ቀለም የኖሩ ልጆች አንድ ጠዋት ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ቀይ ሆነው ሲመጡ ግቢው ይጠባቸዋል። ሱሪውን ገልብጦ የለበሰ፣ የአባቱን ካፖርት የደረበ፣ ሁለት ዓይነት ካልሲ ያደረገ፣ ሁሉም በር ላይ ያልፋል፤ የሚያስቆመው የለም። በዚያ ቀን ዩኒት ሊደሩ ሳይቀር አብሯቸው ፎቶ ሲነሣ አይቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ ያቆማቸውን ልጆች አቅፎ ይስቅ ነበር፤ ልብ ለልብ የሚዋደዱ ሰዎች መሆናቸው ያን ጊዜ ታየኝ። ለምን ያ ፊቱ በኅዳር አልታየም?

ቀጥሎ የሚመጣውን እነሱም ያውቁታል። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ አገር አቀፉ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሰማ ልጅ ከጎኑ ከተቀመጡት መካከል ስንቱን ዳግም ክፍል ውስጥ እንደሚያገኝ ያሰላል። ሸሚዝ ላይ መጻጻፉ የሚጀመረው ለዚህ ይመስለኛል። ማርከር ይመጣና ጀርባ፣ ደረት፣ ክሳድ ሳይቀር ይሞላል። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ልብ፣ ቅጽል ስም፣ «አትርሺኝ»፣ ሒሳብ መምህሩ ሁልጊዜ የሚላት አባባል። አንዱ ዓመቱን ሙሉ ሊላት ፈልጎ ያልተናገረውን ብብት ሥር በደቃቅ ፊደል ይጽፋል፤ ቤት ገብታ ስታወልቀው ብቻ እንድታገኘው።

ቤት ስትገባ ግን እናት አለች። ሸሚዙን አይታ ትደነግጣለች፤ ደህና ሸሚዝ ነበራ፤ ለታናሽ ወንድሟ በመስከረም ይሆን ነበራ። በረኪና ታነሣለች። ልጅቷ ሸሚዙን ይዛ መኝታ ቤት ትገባና ትቆልፋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የእናትየው ቁጠባ ቤቱን ያቆመ ነው። እኔ ግን በዚህ ክርክር ከልጅቷ ጋር ነኝ። ለወንድሟ ሌላ ሸሚዝ ይፈለግለት፤ ያ በረኪናም ለመታጠቢያ ቤት ይቀመጥ።