መንጠቆና ማንኪያ በጣና ዳር



ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሣጥን ነው። ጅዳ ሲሠራ የቆየ የአክስቴ ልጅ በ2010 ዓ.ም. ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ ለእያንዳንዳችን ስጦታ ይዞ መጣ። ለእናቴ ዘምዘምና መስገጃ፣ ለልጆቹ ጫማ ሰጠ። ለእኔ የደረሰኝ ግን በዕረፍት ቀኑ ቀይ ባሕር ዳር ተቀምጦ ያጠምድበት የነበረው ዕቃ ሆነ። ለሁለት ተከፍሎ የሚገጣጠም ዘንግ፣ የክር መጠቅለያ፣ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው መንጠቆዎች፣ ትንንሽ እርሳሶች፣ እንዲሁም በአንዲት ባለ ክፍልፋይ ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ የሚያብለጨልጩ ብረቶች ነበሩበት። ባለቤቴ ብረቶቹን አይታ የጆሮ ጌጥ መስለዋት ነበር።

ሣጥኑ ቁም ሣጥን ላይ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ይዤ ባሕር ዳር ያለችውን እህቴን ለመጠየቅ ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ ልጄን ከጁሙዓ እስከ ጁሙዓ እንኳ በወጉ የማላጫውት አባት ነበርኩ። "ዓሣ እናጠምዳለን" ብዬ ቃል ከገባሁለት ወራት አልፈው ነበርና ሣጥኑን ራሱ ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ደረሰ።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ እምብዛም አይደለም፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚወረወር ከበታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ ሊወጣ አይችልም። በዚህም ምክንያት አላህ (ሱ.ወ.) በዚህ ውሃ ካኖራቸው ዓሦች አብዛኞቹ በሌላ ቦታ የሌሉ ናቸው። የአካባቢው ሰው በጅምላ "ነጭ ዓሣ" የሚላቸውን ተመራማሪዎች ቢያንስ በ15 ዓይነት ለይተዋቸዋል፤ ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች። ከነጭ ዓሣ ሌላ ቀረሶና አምባዛም አሉ።

ማጥመድ የሚያስተምረን ሰው ብንጠይቅ እህቴ ወደ ነገደ ወይጦ መንደር መራችን። ነገደ ወይጦዎች በጣና ዳር የኖሩ ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው። ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና አስረው የሚሠሩት ታንኳ ስንት ዘመን ሙሉ ሰውና እህል፣ ማገዶና ከብት በሐይቁ ላይ አመላልሷል። ይሁን እንጂ በቀድሞ ዘመን የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበር በሚል ሰበብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ ሲነፍጋቸው ኖሯል። ጉማሬውን ከተዉ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ንቀቱ ግን ቶሎ አልለቀቀም። አንድ ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሰግዶ ሲወጣ አብሮ መብላትን የሚጸየፍ ሙስሊም መኖሩን ስሰማ አፍሬአለሁ።

መምህራችን የሆኑት አባት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ፀሐይና ውሃ ያጠቆራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሣጥኔን ከፍተው አንድ በአንድ አዩና "ይህን ሁሉ የምትሸከመው ስንት ዓሣ ልትይዝ ነው ልጄ?" አሉኝ። ከዚያም ዘንጉን ወደ ጎን አደረጉትና ክርና መንጠቆ ብቻ አንሥተው "በዚህ ጀምር" አሉ።

መጀመሪያ የተማርነው ቋጠሮ ነው። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉታል፤ ጫፉን በራሱ በክሩ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይጠመዝዙታል፤ ከዚያ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረችው ቀለበት መልሰው አሹልከው ይስቡታል። ከመጥበቁ በፊት ግን በምራቅ ይረጥባል። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይግላል፤ የጋለ ክር ደግሞ ዓሣው ሲስበው እዚያው ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል። እኔ ይህን ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ልጄ በመጀመሪያው ያዘው። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ የእኔን መንጠቆ ለእሱ ሰጡት።

ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ እርሳስ ይደረጋል፤ ክሩን ወደ ታች የሚያወርደው እሱ ነው። ከዚያ በላይ የሚንሳፈፍ ነገር ይታሰራል። እኛ ያሰርነው ከታንኳ የተረፈ የደረቀ ደንገል ቁራጭ ነበር። ደንገሉ ሲነቃነቅ አይሳብም፤ ሲሰምጥ ነው የሚሳበው። አጥማጁም ከውሃው ዳር ቆሞ አይንጎራደድም። "ዓሣው አንተን አያውቅህም፤ የሚፈራው ጥላህን ነው፤ ተቀመጥ" አሉኝ።

ተቀመጥን። ሽማግሌው ከእርጥብ አፈር የወጡ ትሎችን በቆርቆሮ አቀረቡልን። ልጄ አንዱን አንሥቶ መንጠቆው ላይ ሊሰካ ሲል ትሉ ተጠመዘዘበትና እጁን ሰብስቦ "አባዬ፣ አያመውም እንዴ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። "ትል እኮ ነው" አልኩት፤ እሱ ግን ቆርቆሮውን መልሶ አስቀመጠ፤ ያን ቀንም ክሩን አልነካም። እኔ ብቻዬን በትል አጥምጄ መዳፍ የማታክል ቀረሶ ይዤ መለስኳት። ልጄ ጀርባውን ሰጥቶኝ ድንጋይ ሲወረውር ዋለ። ስንት ወር የጠበቀው ቀን በዚህ መንገድ አለፈ።

ማታ ዒሻ ሰግደን ስንወጣ ነገሩን ለአካባቢው መስጂድ ኡስታዝ አጫወትኳቸው። ዓሣ ማጥመድ ስለመፈቀዱ ክርክር እንደሌለ፣ በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛ አንቀጽ የባሕር አደን ኢሕራም ላይ ላለ ሰው እንኳ መፈቀዱን፣ ዓሣም እንደ በግና ፍየል መታረድ እንደማያስፈልገው አስረዱኝ። ስለ ትሉ ስነግራቸው ግን ፈገግ ብለው "ልጅህ ከማን ጋር እንደተስማማ ታውቃለህ?" አሉ። ኢብኑ ቁዳማ አል-ሙግኒ በተሰኘው የፊቅህ መጽሐፋቸው እንደመዘገቡት፣ ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል (ረሒመሁላህ) በትልና ነፍስ ባለው ነገር ሁሉ ማጥመድን ይጠሉ ነበር፤ ምክንያቱም እንስሳውን ማሠቃየት አለበት። በዚያ መንገድ የተያዘው ዓሣ ግን ሐላል ነው። "ስለዚህ ሐራም ነው ብለህ ሰው እንዳታስቸግር፤ ልጁንም ትል ካልሰካህ ብለህ እንዳታስቸግረው" ብለው አሰናበቱኝ።

በማግስቱ ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው አልተገረሙም። እህቴ ለቁርስ የቋጠረችልንን ዳቦ ወሰዱና በጥቂት ውሃ አድቦልቡለው የሽንብራ ፍሬ በምታህል መጠን መንጠቆው ላይ ለጠፉት። ቀረሶ ዋና ምግቡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ስለሆነ ለዚህ እሺ ይላል። ሊጡ ሳይቀጥን ሳይደርቅ መጠነኛ መሆን አለበት፤ ከቀጠነ ሲወረወር ይወድቃል። ልጄ በአንድ ጠዋት አራት ቀረሶ ያዘ። አንዱ ትንሽ ነበርና ሽማግሌው እጃቸውን በውሃ አርሰው፣ መንጠቆውን በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ገፍተው አወጡትና ለቀቁት። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ልባሱ ይገፈፋል፤ ቢለቁትም ብዙ አይቆይም። የምንወስዳቸውን ግን ሳር ላይ እየተንፈራገጡ እንዲሞቱ አልተዉአቸውም፤ ጭንቅላታቸውን አንድ ጊዜ መትተው ነበር የሚያሳርፏቸው።

በሦስተኛው ቀን የሣጥኑ ተራ ደረሰ። ብረቶቹን ሽማግሌው አገላብጠው እያዩ "ማንኪያ ሊበላ የሚመጣ ዓሣ እስቲ አሳየኝ!" ብለው ሳቁ። በእርግጥም አጥማጆች ይህን ዓይነቱን ብረት ማንኪያ ነው የሚሉት፤ ጎድጎድ ያለ፣ በአንድ በኩል ክር የሚታሰርበት ቀዳዳ፣ በሌላ በኩል መንጠቆ ያለው ነው። ወደ ውሃ ተወርውሮ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ጎድጓዳነቱ ወዲያና ወዲህ ያንገዳግደዋል፤ ብርሃንም ያንጸባርቃል። ከታች ለሚያየው ዓሣ የቆሰለች ትንሽ ዓሣ ይመስለዋል። እንግዲህ ቀረሶ ይህን አሳዶ አይመጣም፤ አምባዛም ከዓይኑ ይልቅ በሽታና በሪዙ የሚመራ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ፣ ዓሣ የሚበሉት ነጭ ዓሦች ግን የሚያድኑት እንዲህ ያለውን ነው። ትል የለ፣ ሊጥ የለ፤ ለልጄ ከዚህ የሚሻል አልነበረም። እሱ ግን አሁንም ጥያቄ አላጣም፤ "አባዬ፣ ዓሣውን መዋሸት አይሆንም?" ብሎኝ ሽማግሌውን እስኪያስላቸው አሳቃቸው።

ዘንግ መወርወር ግን ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። የመጠቅለያው ሽቦ ይከፈታል፤ ክሩ በጠቋሚ ጣት ይያዛል፤ ዘንጉ ከትከሻ ላይ ወደ ፊት ሲመጣ ከግንባር ፊት እንደደረሰ ጣት ይለቀቃል። ቀድሞ ከተለቀቀ ማንኪያው ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከዘገየ እግር ሥር ይወድቃል። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ፤ በሦስተኛው የራሴን ኮት ከጀርባዬ አጠመድኩ። ስለዚህ ጀማሪ ሲወረውር ልጆች ከኋላው አይቁሙ። ክሩን በጥድፊያ ስጠቀልልም እንደ ወፍ ጎጆ ተተበተበብኝና ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ማንኪያው ድንጋይ ወይም ቄጠማ ሲይዘው ደግሞ በዘንጉ መታገል ዘንጉን መስበር ነው፤ ዘንጉን ወደ ክሩ አቅጣጫ አስተካክሎ፣ እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ክሩን ራሱን መሳብ ይሻላል። ሽማግሌው ማንኪያ ይዘው ባያውቁም ውሃውን ያውቁት ነበር። ጣና ወንዞች በሚያመጡት ደለል ስለሚደፈርስ ከብርማዎቹ ይልቅ ወርቃማውን እንድናስር ነገሩን፤ ከቋጥኙ አጠገብ ውሃው ጠለቅ ወደሚልበት ወሰዱን፤ ጉማሬ ወደሚገኝበት ወደ ዓባይ መውጫ ግን እንዳንጠጋ አስጠነቀቁን።

ዓሣው የሚበላው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ሁለቱም የሶላት ሰዓቶች ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አደን የሚከታተል ሰው እንደሚዘነጋ ማስጠንቀቃቸውን ቀድሞ አንብቤ ነበር፤ ያነበብኩት ግን ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን "አንድ ልወርውር"፣ "ይህች የመጨረሻ ናት" እያልኩ ዐስርን ሳልሰግድ ፀሐይዋ ቢጫ ሆነች። ሽማግሌው ከኋላዬ መጥተው ዘንጉን ከእጄ ወሰዱ። አልተቆጡኝም፤ "እኔ እይዝልሃለሁ" ብቻ አሉ። ውዱእ አድርጌ ከልጄ ጋር ቆምኩ። በደቡቡ ዳር ቂብላው ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ስለሆነ የሚሰገደው ፊትን ወደ ሐይቁ አድርጎ ነው።

አሰላምቶ አድርገን ስንዞር ዘንጉ ተቆልምሞ አየን። ሽማግሌው እንደ ክርና መንጠቆው በእጃቸው ሊስቡት ሲሞክሩ ልጄ ሮጦ ደረሰላቸውና ክሩን እንዲለቁለት፣ ሲደክም ብቻ እንዲጠቀልሉ እየነገራቸው ሁለቱ ተባብረው አወጡት። ክንድ የሚያህል፣ አፉ ሰፊ ነጭ ዓሣ ነበር። ሽማግሌው ማንኪያውን ከአፉ አውጥተው ለረጅም ጊዜ በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ።

ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው የነገሩን ግን ደስ የሚል አልነበረም። ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረቡ እዚያው ይጠብቀዋል፤ ወንዞቹ ውስጥም በብርብራ ፍሬ የሚያደነዝዙት አሉ። ተመራማሪዎች እንዳጠኑት ከእ.ኤ.አ. 1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ምርት በሦስት አራተኛ ያህል ወርዷል። ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ደግሞ እንቦጭ ተጨመረበት። "ልጆቼ ታንኳ መሥራት ያውቃሉ፤ ግን ምን ሊያመጡበት ይገባሉ?" አሉ ሽማግሌው።

ዓሣውን እህቴ ቤት ወሰድነው፤ ሽማግሌውንም አብረው እንዲበሉ ይዘናቸው ሄድን። እህቴ ግማሹን ጠበሰችው፣ ግማሹን በቃሪያና በሽንኩርት ወጥ አደረገችው፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ጎረቤት የመጡ ሁለት ሴቶች በር ላይ ትንሽ አመነቱ፤ እህቴ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ ተቀመጡ።

ስንመለስ ልጄ ወርቃማዋን ማንኪያ ለሽማግሌው ሊሰጣቸው ቢለምን እሳቸው አልተቀበሉም። "ቅርጹን አይቼዋለሁ" አሉ። ነገሩን የተረዳሁት አዲስ አበባ ከደረስን በኋላ እህቴ ስትደውል ነው። ልጄ ከመሳቢያዋ አንድ የሾርባ ማንኪያ አውጥቶ ሰጥቷቸው፣ እሳቸውም እጀታውን ቆርጠው፣ ሁለቱን ጫፍ በስተው፣ መንጠቆ አስረውበት በሦስተኛው ቀን ሁለት ነጭ ዓሣ ይዘውበታል፤ አንዱንም ለእህቴ ልከውላታል። ያን ዓሣ ብትበላም፣ ከስድስቱ ማንኪያ አምስት ብቻ እንደቀራት እስከ ዛሬ ድረስ በደወለች ቁጥር ታነሣብኛለች።