የአባቴ ኮት

ከሞተ ሰው የቀረ ልብስ ሁለት ዕድል አለው፤ ወይ ለድኻ ይሰጣል፥ ወይ በሣጥን ተቈልፎ የብል ሲሳይ ይሆናል። ሦስተኛም ዕድል ሊኖረው እንደሚችል የተረዳሁት ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፥ የቆቦ ሜዳ ማሽላ ታጭዶ በየአውድማው ሲከመር፥ የአባቴን ጥቁር የሱፍ ኮት በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መቀስ ይዤ በቆምሁበት ሰዓት ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ አደራ የተቀመጠበት ሰው ብዙ ነውና፥ የደረሰብኝን ብጽፈው ለአንባቢ የሚያስብበት ነገር ይሆነው ይሆናል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አቀረብሁ።

አባቴ በቆቦ ገበያ ዳር በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የሲንጀር መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ ነበር። በገበያ ቀን ከዞብል የሚወርደው ባላገር፥ ከሮቢትና ከጎብዬ የሚመጣው ነጋዴ፥ ዙሪያውን ከብቦ ተራውን ይጠብቃል፤ ገንዘብ ያጣውም ዋጋውን በማሽላ ይከፍላል። እኔ በሕፃንነቴ ከመኪናው ሥር ተቀምጬ የወደቀ መርፌ በመልቀም ጀመርሁ፤ ቀጥሎም ቍልፍ መትከልን፥ ከዚያም እጅጌ መግጠምን ተማርሁ። ኋላ ግን አስተማሪ ሆኜ ጠመኔውን ከጨርቅ ወደ ጥቍር ሰሌዳ አዛወርሁት። መኪናው ከአባቴ ሞት በኋላ ለእኔ ደርሶኝ፥ የልጆቼን ልብስ ከመጠገን በቀር ብዙም አልሠራሁበትም።

በዚያን ጊዜ የራያ ጎልማሳ ወደ ገበያ ሲወጣ ጎፈሬውን አበጥሮ፥ ከወገቡ በታች ሽርጡን አገልድሞ፥ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ ነበር። ኮት ያገኘ እንደ ሆነም ሽርጡን አይጥልም፤ በዚያው በሽርጡ ላይ ኮቱን ይደርባል እንጂ። ከሩቅ ከተማ የመጣ እንግዳ ይህን አይቶ ፈገግ ይል እንደ ነበረ ትዝ ይለኛል። አባቴ ግን፥ «ኮት የሚያምረው ከሱሪ ጋር ብቻ ነው ያለው ማነው? ልኩ ከሆነ ከሁሉም ጋር ያምራል» ይል ነበር። ይህ ቃሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ ያን ጊዜ ከቶ አልገመትሁም።

አሁን የማወራለትን ኮት አባቴ ለራሱ የሰፋው በ1961 ዓ.ም. ነው። ታላቅ እኅቴ ልትዳር ስለ ነበረ፥ የሰው ልብስ ሲሰፋ ኖሮ በልጁ ሰርግ ላይ በተቀዳደደ ልብስ መቆም ነውር ሆኖ ታየው። ሱፉን ደሴ ድረስ ሄዶ ገዛው፤ ሌሊት ሌሊትም በኩራዝ ብርሃን ሰፋው። ያን ዕለት ኮቱን ያየ ሁሉ የመኳንንት ልብስ ነው አለ። ከዚያ በኋላ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ በወሎ ላይ በርትቶ የራያና ቆቦ አውራጃ ክፉኛ በተጎዳ ጊዜ፥ አባቴ ኮቱን ሊሸጥ ይዞት ወጣ። ነገር ግን በዚያ ቀን እህል እንጂ ኮት የሚፈልግ ሰው አልነበረምና ይዞት ተመለሰ። አባቴ ካረፈ በኋላ ኮቱ በእኅቴ እጅ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦ በደረሰ ጊዜም እኅቴ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ከእህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው፤ ስንመለስም ከዕቃችን ብዙው ጠፍቶ ኮቱ በጤና ወጣ። እንግዲህ ይህ ልብስ ከረኃብና ከጦርነት የተረፈ የቤተ ሰብ አባል ነበር ማለት ይቻላል።

ልጄ በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ ይኖራል። ከዚያው አገር ተወላጅ ጋር ሊጋባ መወሰኑን ሲነግረኝ፥ እኔ ከሰርጉ ለመድረስ እንደማልችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እርሱም ይህን ጻፈልኝ፤ «አባዬ፥ በዚህ አገር ሙሽራ ኪልት የሚባለውን ሽንሽን ይለብሳል። ሽንሽኑን ከሙሽራይቱ ቤተ ሰብ አገኛለሁ። ከላይ የሚደረበውን ኮት ብዙ ሰው ይከራያል፤ እኔ ግን ከእርስዎ እጅ የወጣ ቢሆን እወዳለሁ። ሽርጥ የለበሰ ሰው ሳይ አድጌ በኪልት አላፍርም።» ከዚህም ጋር ልዩ ልዩ ሥዕሎችንና የሰውነቱን ልክ በስልክ ላከልኝ።

ስለ ልብሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ኪልት 7 ሜትር ያህል የሱፍ ጨርቅ ከበስተኋላ በእጥፋት ተሸንሽኖ የሚሰፋ ነው። በእኛ ዘንድ ሽርጥ የቆለኛ ልብስ ሲሆን፥ በእነርሱ ዘንድ ግን ኪልት የደገኞች ነበር። በ1746 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ደገኞቹ በልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት መሪነት ተነሥተው በኩሎደን ሜዳ ድል በሆኑ ጊዜ፥ የእንግሊዝ መንግሥት በዚህ ልብስ ላይ ሕግ አወጣበት። ከወታደር በቀር ለብሶ የተገኘ ደገኛ ወንድ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ሁለተኛ የተገኘም ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ዓ.ም. ነው። በ1822 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጐበኝ ይህንኑ የተከለከለውን ልብስ እርሱ ራሱ ለብሶ ታየ። የተናቀው የደገኛ ልብስ የክብር ልብስ የሆነው እንዲህ ነው። ዛሬ ከላዩ የሚደረቡት ኮቶች ግን የጥንት ሳይሆኑ ኋላ በሰፊዎች እጅ የተቀየሱ ናቸው፤ በልዑሉ ስም «ፕሪንስ ቻርሊ» የሚባለው የማታ ኮት እንኳ ልዑሉ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው።

ልጄ የመረጠው ቀለል ያለውን «አርጋይል» የተባለውን ነው። አሠራሩ ከተራ ኮት ብዙም አይርቅም። ኪልት ከእንብርት ከፍ ብሎ ስለሚታጠቅ ኮቱ ማጠር አለበት፤ ረጅም ከሆነ ሽንሽኑን ሸፍኖ ሰውየውን አጭር ያስመስለዋል። ኪልት ኪስ የለውምና ከፊት ለፊት ስፖራን የሚባል የቆዳ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ እርሱ እንዲታይ የኮቱ የፊት ጫፎች ወደ ጎን ክብ ሆነው ይቈረጣሉ። የእጅጌው አፍ ደግሞ እንደ ፈረሰኛ ጓንት ወደ ላይ የሚወጣ ቅርጽ ያለው ተጨማሪ ጨርቅ ይደረብበታል፤ በዚያም ላይ ብር መሳይ ቍልፎች ይደረደራሉ። በዚያ አገር ቤታቸው የሚሰፉ ሰዎች አዲስ ጨርቅ ሳይገዙ፥ ያገለገለ ኮት አሳጥረው እንዲህ እንደሚያደርጉም ተረዳሁ።

ያን ጊዜ ሐሳቤ ወደ ጉድጓዱ ኮት ሄደ። በገበያው ውስጥ የሳልባጅ ኮት ሞልቷል፤ ነገር ግን ልጄ የጠየቀኝ ኮት ብቻ እንዳልሆነ አውቄአለሁ። ወደ እኅቴ ቤት ሄጄ ነገሩን በገለጽሁላት ጊዜ ፊቷ ተለወጠ።

«የአባባን ኮት መቀስ ልታስነካ? ረኃብ ያልበላውን፥ ጥይት ያላገኘውን፥ አንተ ልትቈራርጠው?»

«እታለም፥ ለልጅ ልጁ እኮ ነው።»

«ለልጅ ልጁ ከሆነ እንዳለ ይላክለት!»

እንዳለ ቢላክ ከኪልት ጋር እንደማይስማማ ባስረዳትም አልሰማችኝም። በመጨረሻ፥ «እኔ በሌለሁበት አንዲት ክር እንዳትነካ» ብላ ኮቱን በነጠላ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች፤ እርሷም ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጠች።

መጀመሪያ ለካሁ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ የሚባለውን አባቴ ለደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ሲናገር ሰምቻለሁ። የልጄ ደረት ዙሪያ 98 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አባቴ ደረተ ሰፊ ስለ ነበረ ጨርቁ ተርፎ ይበቃል። ቁመቱ 8 ሳንቲ ሜትር ማጠር አለበት። ቀጥሎ ገበሩን ከታች በኩል በምላጭ ጫፍ መተርተር ጀመርሁ። የአባቴ ስፌት ጥቃቅን ስለ ነበረ አንዱን ጎን ለመፍታት አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ።

ገበሩ ወደ ላይ በተገለጠ ጊዜ ያየሁትን አልጠበቅሁትም። የኮት ደረት ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሱፉና በገበሩ መካከል ጠንካራ ጨርቅ ስለሚገባ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆን ደኅና ጨርቅ አለ፤ ውድ ነው። አባቴ ግን ገንዘቡን ሁሉ በሱፉ ላይ ጨርሶት ኖሯል። ስለዚህ በመኳንንት ልብስ በተመሰለው ኮት ውስጥ ያገኘሁት የአቡጀዲ ቍራጭ፥ የሸራ ትራፊና የካኪ ብጣሽ እርስ በርሱ ተጣጥፎ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቍራጭ በእጅ መርፌ በብዙ መቶ ጥቃቅን ስፌት ተይዟል፤ መርፌው የሱፉን ክር በጥቂቱ ብቻ እየነካ ስላለፈ ከውጭ አንዲትም ነጥብ አትታይም። ሃምሳ ዓመት አልፎ አንዱም አልተላቀቀም።

እኅቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ የካኪውን ብጣሽ በጣቷ ዳሰሰች። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ከቆየች በኋላ፥ «ይህ ያንተ የተማሪ ቤት ቁምጣ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ስታለቅስ አስታውሳለሁ» አለችኝ። ደግሞ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፥ «እንግዲያስ እርሱም ቀዶ ነው የሰፋው። ቅደድ!» አለች።

ከታች በኩል 8 ሳንቲ ሜትሩን ቈረጥሁ። የፊት ጫፎቹን ክብ ለማድረግ ቅያስ ስላልነበረኝ፥ የሰፌድ ጠርዝ አስደግፌ በጠመኔ አሰመርሁ። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ የግራው ኪስ ከረጢት በውስጥ በኩል ወደ ታች ወርዶ መንጠልጠሉን ዘንግቼ ከጨርቁ ጋር አብሬ ቈረጥሁት። ላቤ መጣ። አባቴ ቢኖር በምን ዓይን እንደሚያየኝ አውቀው ነበር። ኪሱን ፈትቼ፥ አጭር ከረጢት ከአቡጀዲ ሰፍቼ መልሼ እስካስገባው ድረስ ሁለት ቀን ወሰደብኝ። የኋለኛው ሥራ ግን አስደሰተኝ፤ ከታች የተቈረጠው ጨርቅ ከነእጥፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስለ ነበረው፥ ለእጅጌው የሚደረበው ጓንት መሳይ ቅርጽ ከእርሱ ተቈርጦ ወጣ። ከኮቱ የተጣለ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከእግር በኩል የተነሣው ወደ እጅ ዞረ።

የካኪውን ብጣሽ አላነሣሁትም፤ በነበረበት በአባቴ ስፌት ተውሁት። ገበሩን ከመለስሁ በኋላ፥ የታችኛውን ጠርዝ እኅቴ መነጽሯን አድርጋ በገዛ እጇ ዘመዘመችው። ስፌቷ ጥቂት ጠመም ይላል፤ ላቃናው አልፈለግሁም። በከሰል ካውያና በረጠበ ጨርቅ ተኰስነው። ብር መሳይ ቍልፎቹን ልጄ ከዚያው አገር እንዲያስተክል፥ ቦታቸውን በነጭ ክር አመልክቼ ተውሁለት፤ የእነዚያ ሰዎች እጅም በልብሱ ላይ ይኑርበት ብዬ ነው። ሥራው በጠቅላላ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ኮቱም በአንድ መንገደኛ ዘመድ እጅ ከአዲስ አበባ ባሕር ተሻገረ።

የሰርጉ ፎቶግራፍ በደረሰን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት፥ ይቅር ይበለኝና፥ የልጄን ፊት ሳይሆን የግራውን ኪስ ነው። ደኅና ተቀምጧል። ፎቶግራፉን ለአንድ የአባቴ ደንበኛ ለነበሩ ሽማግሌ አሳየኋቸው። እርሳቸውም ስልኬን ወደ ዓይናቸው አቅርበው፥ «ከላይ ኮት፥ ከታች ሽርጥ! ታዲያ ይህ ልጅ ራያ ነው እንጂ ምን ሌላ ሆነ?» ብለው ሳቁ። አባቴ ስለ ኮትና ስለ ሱሪ የተናገረው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

እኛ የአባቶቻችንን ዕቃ የምናከብረው ብዙ ጊዜ ባለመንካት ነው። ይህም መልካም ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የአባቴን ኮት ሃምሳ ዓመት በሣጥንና በጉድጓድ ስንጠብቀው የጠበቅነው ጥቍር ሱፉን ብቻ ኖሯል። ካልተረተረ በቀር በውስጡ የእኔን ቁምጣ እንደ ደበቀ፥ ድኽነቱንም በምን ያህል ስፌት እንደ ሸፈነው ከቶ ሳናውቅ እናልፍ ነበር። ዛሬ ኮቱ በእጃችን የለም፤ በሣጥኑ ውስጥ የቀረችው መዳፍ የምታህል ቍራጭ ብቻ ናት። እኅቴ ግን፥ «ወንድ ልጅ የወለደ እንደ ሆነ ደግሞ ያሳጥረዋል» እያለች የገበሩን ክር ትርፍ ጠቅልላ አስቀምጣለች።