የድሬዳዋ ሙቀትና የፎቶግራፍ ጥራት

በድሬዳዋ ቀትር ላይ ከከዚራ ሰፈር ሆኖ በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ ያለውን የመጋላን ሰፈር በረጅም ሌንስ የሚያነሳ ሰው፣ ምስሉ ሲደበዝዝበት ጥፋቱን በካሜራው ላይ ቢጥልም፣ እውነተኛው ምክንያት ብዙውን ጊዜ አየሩ ነው። ፀሐይ ያጋለችው አሸዋ ከላዩ ያለውን አየር እኩል ስለማያሞቀው፣ ሙቀታቸውና እፍጋታቸው የተለያዩ የአየር ንብርብሮች ብርሃኑን በየአቅጣጫው እያጎበጡ የግድግዳውንና የመስኮቱን ጠርዝ ያርገበግቡታል፤ ይህን ደግሞ የቱንም ያህል ውድ የሆነ ሌንስ አያቃናውም። ስለዚህ መሬቱ ሳይግል በማለዳ መውጣትና ከርቀት ከመሳብ ይልቅ መቅረብ፣ አዲስ ሌንስ ከመግዛት እጅግ ይበልጣል። የሌንሱን ቀዳዳ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ክፍተት፣ እስከ ኤፍ 22 ማጥበብም ብዙዎች እንደሚያምኑት ጥራትን አይጨምርም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ዝርዝሩ ይለሰልሳል፣ ቀዳዳው ሰፋ በሚልበት ኤፍ 8 አካባቢ ግን አብዛኞቹ ሌንሶች የግንቡን ስንጥቅ ሳይቀር አጥርተው ያሳያሉ።